ሞላር ማስ አሰራር፦ ሚጥለን መደመሩ ሳይሆን መቁጠሩ ነው

እህቴ አስረኛ ክፍል ናት፣ ማርቆስ ነው ምትማረው። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክላ ቀረች። የአሉሚኒየም ሰልፌትን ሞላር ማስ አስሉ ነው ሚለው። እሷ 278 አመጣች፣ ምርጫው ውስጥም 278 ቁጭ ብሏል፣ ደስ ብሏት ከበበችው። መልሱ ግን 342 ነው። "ጋሼ ሶስቴ እኮ ደምሬ አረጋግጫለሁ" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ድምሩ ላይ አንድም ስህተት የለም፣ የተሳሳተችው ገና ካልኩሌተሩን ሳትነካ ነው። ጥያቄ አውጪዎቹ ደግሞ ተማሪ የት እንደሚሳሳት አሳምረው ያውቃሉ፣ የስህተቱን መልስ አስልተው ነው ምርጫ ውስጥ ሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ ብላችሁ እንዳትተማመኑ።

በዛው ሌሊት ለሷ ያስረዳኋትን ነው እዚህ ምጽፈው፣ ትንሽ ጨማምሬበት።

መጀመሪያ ስለ አጻጻፌ ልናገር። በኛ ፊደል ስለሆነ ምጽፈው የኤለመንቶቹን ምልክት ልክ ስንጠራው እንደሚሰማው ነው ማስቀምጠው፦ ሃይድሮጅን ኤች፣ ካርቦን ሲ፣ ናይትሮጅን ኤን፣ ኦክስጅን ኦ፣ ሶዲየም ኤንኤ፣ አሉሚኒየም ኤኤል፣ ፎስፈረስ ፒ፣ ሰልፈር ኤስ፣ ክሎሪን ሲኤል፣ ካልሲየም ሲኤ፣ ኮፐር ሲዩ። ሁለት ፊደል ያለውን ምልክት አያይዤ እጽፈዋለሁ፣ አንዱን ኤለመንት ካንዱ ደግሞ በጭረት እለየዋለሁ። ውሃ ኤች2-ኦ ይሆናል፣ የወጥ ጨው ኤንኤ-ሲኤል።

ደብተራችሁ ላይ ጭረቱ የለም፣ እዛ ሚለየው ትልቁ ፊደል ነው። ትልቅ ፊደል በመጣ ቁጥር አዲስ ኤለመንት ጀመረ ማለት ነው፣ ትንሽ ፊደል ከተከተለው የሱው ጭራ ነው። ይሄን ሚንቁ ልጆች አሉ፣ ግን ሲ ትልቅ ሆኖ ኦ ትንሽ ከሆነች ኮባልት ሚባል ብረት ነው፣ 58.933። ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ደግሞ ሲ-ኦ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያ በክረምት ቤት ዘግተው ከሰል ሲያነዱ ሰው ሚጨርሰው ጋዝ፣ 28.010። የአንድ ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆን መልሱን ከእጥፍ በላይ ለወጠው።

ሞል ራሱ ምንድን ነው ካላችሁ በቃ የመቁጠሪያ ስም ነው። አንድ ጥማድ በሬ ስንል ሁለት በሬ ማለታችን ነው፣ አንድ ደርዘን እንቁላል አስራ ሁለት ነው፣ አንድ ሞል ደግሞ 6.022 ሲባዛ በ10 ፓወር 23 ነው። የአቮጋድሮ ቁጥር ምንለው ይሄው ነው፣ ከ2019 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 6.02214076 ሲባዛ በ10 ፓወር 23 ተብሎ ምንም ሳይጎድል ሳይጨመር ተቆርጦ ተቀምጧል። ሞላር ማስ ማለት እንግዲህ የዚያ ነገር አንድ ሞል ስንት ግራም ይመዝናል ነው፣ መለኪያው ግራም በሞል ነው (ግ/ሞል)። ውሃ አንድ ሞሉ 18 ግራም ገደማ ነው፣ ከሾርባ ማንኪያ ትንሽ ብትበልጥ ነው፣ ግን እዛች ማንኪያ ውስጥ ያ ሁሉ ቁጥር ሞለኪውል አለ። እንደ ጥማድ አስቡትና እለፉት፣ ፍልስፍናው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ስራው።

ደረጃ 1፦ ፎርሙላው ትክክል ይሁን

ጥያቄው ፎርሙላውን ከሰጣችሁ ይሄን ዝለሉት። ስሙን ብቻ ከሰጣችሁ ግን መጀመሪያ ቻርጁን (የፕላስ ማይነሱን ቁጥር) አመሳቅሉ። አሉሚኒየም ፕላስ 3 ነው፣ ሰልፌት ማይነስ 2 ነው፣ የአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እግር ይወርዳል፣ ኤኤል2(ኤስ-ኦ4)3 ይሆናል። እዚህ ከተሳሳታችሁ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ 2፦ መቁጠር

ጣጣው ሁሉ እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

ህጉ አጭር ነው። ከምልክቱ እግር ስር ያለው ቁጥር ያንን አቶም ብቻ ነው ሚያባዛው። ቁጥር ከሌለ አንድ ነው። ከቅንፍ ውጭ ያለው ቁጥር ግን ቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው ሚያባዛው። ይሄን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ እህቴም ስትጠየቅ በቃሏ ትለዋለች፣ ሲሰራ ግን ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

"በሬ ስንት ቀንድ አለው?"

"ሁለት።"

"እግርስ?"

"አራት፣ ምን ሆነሃል ጋሼ።"

"እሽ፣ አባባ ሶስት በሬ ቢገዙ ስንት እግር ስንት ቀንድ ገቡ?"

"አስራ ሁለት እግር፣ ስድስት ቀንድ።"

"አንች ግን እግሩን አስራ ሁለት አድርገሽ ቀንዱን ሁለት ነው ያልሽው።"

ሳቀች፣ ከዛ ደብተሩን ዝም ብላ አየችው። ቅንፉ በሬው ነው። ኤስ-ኦ4 ሚባለው በሬ አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን ይዟል፣ ሶስት ሲሆን 3 ሰልፈርና 12 ኦክስጅን ይሆናል። እሷ ኦክስጅኑን 12 አድርጋ ሰልፈሩን አንድ ብላ ተወችው፣ ምክንያቱም 4 እና 3 ጎን ለጎን ስለሆኑ ዓይን እነሱን ቶሎ ያባዛቸዋል፣ ሰልፈሩ ግን ቁጥር ስለሌለው ሚነካው የለም። እኔም በሷ እድሜ እንደዚሁ ነበርኩ፣ ቁጥር የሌለው ኤለመንት አይታየኝም ነበር።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነገር ነው፣ ካልኩሌተሩን ወደ ጎን አድርጉና መጀመሪያ ቁጠራውን ብቻ ጻፉ። እንዲህ፦

ኤኤል = 2
ኤስ = 1 ሲባዛ በ3 = 3
ኦ = 4 ሲባዛ በ3 = 12
ጠቅላላ 17 አቶም

አንድ የሆነውን "1" ብላችሁ ጻፉት፣ አትለፉት። ጠቅላላውን አቶም መደመር ማንም አያዛችሁም ግን ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው፣ ቅንፉ ውስጥ 5 አቶም አለ፣ በሶስት 15፣ ሁለት አሉሚኒየም ሲጨመር 17፣ ገጠመ። ካልገጠመ የሆነ ቦታ ቀንድ ረስታችኋል።

ሌላው ሚያታልለው አንድ ኤለመንት ሁለት ቦታ ሲመጣ ነው። አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ሲ2-ኤች5-ኦ-ኤች ነው፣ ኤች መጀመሪያ 5፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 1፣ ስለዚህ 6 ነው። ልጆች 5 ብለው ሲያልፉት አይቻለሁ፣ የጫፏን አንዷን ኤች ማን ያያታል።

ደረጃ 3፦ አቶሚክ ማሱን ማምጣት

ከፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ነው። እዚህ ጽሁፍ ውስጥ ምንጠቀማቸው እነዚህ ናቸው፦ ኤች 1.008፣ ሲ 12.011፣ ኤን 14.007፣ ኦ 15.999፣ ኤንኤ 22.990፣ ኤኤል 26.982፣ ፒ 30.974፣ ኤስ 32.06፣ ሲኤል 35.45፣ ሲኤ 40.078፣ ሲዩ 63.546።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ አቶሚክ ነምበሩን ከአቶሚክ ማሱ ጋር እንዳታምታቱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሙሉ ቁጥር፣ ትንሹ፣ የፕሮቶን ብዛት ነው፣ ኦክስጅን 8 ሚለው ማለት ነው፣ እናንተ ምትፈልጉት ነጥብ ያለበትን 15.999ን ነው። ሁለተኛ ፈተናው ራሱ ቁጥር ከሰጣችሁ (ኤች = 1፣ ኦ = 16 ምናምን ብሎ) ያንኑ ተጠቀሙ፣ ከቴብሉ አምጥቼ ላሳምረው አትበሉ፣ መልሱ የተሰራው በተሰጠው ቁጥር ነው።

ቁጥር ስታጠጋጉ ደግሞ ክሎሪንን ተጠንቀቁ። ሌሎቹን ወደ ሙሉ ቁጥር ብትወስዷቸው ብዙ አይጎዱም፣ ክሎሪን ግን 35.5 ነው፣ 35 ካላችሁትም 36 ካላችሁትም ተሳስታችኋል። ግማሽ አቶም ኖሮ አይደለም፣ ተፈጥሮ ላይ ሁለት ዓይነት ክሎሪን ስላለ ነው፣ ከአራቱ ሶስቱ ገደማ 35 ሚመዝነው ሲሆን ቀሪው 37 ሚመዝነው ነው፣ አማካዩ 35.45 ላይ ያርፋል። ኮፐርንም እንደዚሁ 63.5 ይሉታል።

ደረጃ 4፦ ማባዛትና መደመር

ይሄ ቀላሉ ነው። ብዛት ሲባዛ በአቶሚክ ማስ፣ ለየብቻ፣ ከዛ ድምር።

ውሃ፣ ኤች2-ኦ፦ 2 ሲባዛ በ1.008 = 2.016፣ ኦ 15.999፣ ድምር 18.015 ግ/ሞል።
ጨው፣ ኤንኤ-ሲኤል፦ 22.990 + 35.45 = 58.44 ግ/ሞል።
አልኮሉ፦ ሲ 24.022፣ ኤች 6.048፣ ኦ 15.999፣ ድምር 46.069 ግ/ሞል።
የእህቴ አሉሚኒየም ሰልፌት፦ ኤኤል 53.964፣ ኤስ 96.18፣ ኦ 191.988፣ ድምር 342.132 ግ/ሞል።

የሷን ስህተት አሁን እዩት፣ 342 ሲቀነስ 278 ይሆናል 64፣ እሱ ደግሞ ሁለት ሰልፈር ነው። የተረሱት ሁለት ቀንዶች። ስትሳሳቱ ልዩነቱን እንደዚህ ብታዩት ምን እንደረሳችሁ ራሱ ይነግራችኋል፣ ልዩነቱ 16 ከሆነ አንድ ኦክስጅን፣ 18 ከሆነ አንድ ውሃ ጠፍቷል ብላችሁ ፈልጉ።

መሃል ላይ አታጠጋጉ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ። መለኪያውንም ጻፉ፣ ግ/ሞል ሳትሉ ባዶ ቁጥር አስቀምጣችሁ ብትወጡ ነጥብ ሚቀንስ አስተማሪ አለ፣ ትክክልም ነው።

ደጀን ቁልቁል ያለው ድንጋይ

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርዱ መንገዱ ዳር ተደርድሮ ሚታየው ነጣ ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሲኤ-ሲ-ኦ3። 40.078 + 12.011 + 47.997 = 100.086። በሙሉ ቁጥር ልክ 100 ስለሚመጣ ለመለማመድ እንደሱ ሚመች የለም። አሲዳማ ለሆነው የደጋ መሬታችን ተፈጭቶ ሚበተነው ኖራም ይሄው ነው። ድንጋዩ በእሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ (44.009) በኖ ይሄድና ሲኤ-ኦ ይቀራል፣ 56.077። እንግዲህ አንድ ኩንታል ንጹህ የኖራ ድንጋይ ብታቃጥሉ 56 ኪሎ ገደማ ነው ምታነሱት፣ 44 ኪሎው ጭስ ሆኖ ሄደ። ሞላር ማስ ምን ይሰራል ለሚሉኝ ይሄንን ነው ምነግራቸው።

ከኖራ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጅብሰም አለ፣ ፎርሙላው ላይ ነጥብ ያለበት ዓይነት፦ ሲኤ-ኤስ-ኦ4·2ኤች2-ኦ። ይቺ ነጥብ ብዙ ሰው ጥላለች። የማባዛት ምልክት አይደለችም! በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነጥብ ማባዛት ስለሆነች እጅ ዝም ብሎ ያባዛል፣ 136 ሲባዛ በ36 ብሎ አራት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ያመጣ ልጅ አውቃለሁ፣ ሳይደነግጥ ነው መልሱ ላይ ያሰፈረው። ነጥቧ "ከነ" ማለት ናት፣ ካልሲየም ሰልፌት ከነ ሁለት ውሃው። ስለዚህ ይደመራል፦

ሲኤ 40.078 + ኤስ 32.06 + ኦ4 63.996 = 136.134
2 ውሃ፣ 2 ሲባዛ በ18.015 = 36.030
ድምር 172.164 ግ/ሞል

ከውሃው ፊት ያለው 2 ሙሉውን ውሃ ነው ሚያባዛው፣ ኤቹንም ኦውንም፣ እሱም በሬ ነው በሉት። ላብ ውስጥ ምታዩት ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌትም እንደዚሁ ነው፣ ሲዩ-ኤስ-ኦ4·5ኤች2-ኦ፣ 159.602 ሲደመር 90.075፣ 249.677። ጥያቄው "ውሃ አልባ" ካለ ግን ውሃውን አትቁጠሩ፣ 159.602 ብቻ ነው፣ እሱ ሰማያዊ ሳይሆን ነጭ ዱቄት ነው።

የአጎቴ ጆንያ

አጎቴ አንድ ጊዜ የዩሪያ ጆንያ ፊት አቁመውኝ "በል እስቲ ያ የተማርከው ካለ ይሄ 46 ሚለው ምንድን ነው?" አሉኝ። ናይትሮጅን ነው አጎቴ፣ ከመቶው 46 እጁ አልኳቸው። "ቀሪውስ ታዲያ ምንድን ነው፣ አፈር ነው ሚሸጡልን?" አሉ። አፈር አይደለም፣ እስቲ እንየው።

ዩሪያ ሲ-ኦ(ኤን-ኤች2)2 ነው። ቅንፉ በሬው ነው፣ በሁለት። ሲ 1፣ ኦ 1፣ ኤን 2፣ ኤች 4። 12.011 + 15.999 + 28.014 + 4.032 = 60.056። ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅኑ 28.014 ነው፣ 28.014ን ለ60.056 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙት 46.6 ይመጣል። ጆንያው ላይ ያለው 46 ይሄ ነው፣ ሌላው 53 ምናምን ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው፣ ናይትሮጅኑን ተሸክሞ ሚመጣው አካል። ከ50 ኪሎ ጆንያ 23 ኪሎው ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። አጎቴ "እንዲህ በለኛ" ብለው ጆንያውን ተሸከሙት።

ሰው ዳፕ ሚለውም ማዳበሪያ ለልምምድ ይመቻል፣ (ኤን-ኤች4)2-ኤች-ፒ-ኦ4። ሁለቱም ወጥመድ አንድ ላይ አለበት፣ ቅንፍም አለ፣ ኤች ሁለት ቦታም መጥቷል። ኤን 2፣ ኤች 4 ሲባዛ በ2 ሲደመር 1 = 9፣ ፒ 1፣ ኦ 4። 28.014 + 9.072 + 30.974 + 63.996 = 132.056። ኤቹን 8 ብላችሁ ከሆነ 131 ይመጣባችኋል፣ የመሃሏን ኤች ረስታችኋል።

የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሞላር ማስስ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝም ልጅ አለ። የለውም። ድብልቅ ነው፣ አንድ ፎርሙላ የለውም፣ ፎርሙላ የሌለው ነገር ሞላር ማስ የለውም። ማርም፣ አረቄም፣ ጠላም እንደዚሁ፣ ውስጣቸው ያለው አልኮል ወይ ግሉኮስ ለየብቻው አለው እንጅ ድብልቁ የለውም።

ወደ ሞል መቀየር

ፈተና ላይ ሞላር ማሱ ብቻውን አይመጣም፣ ከሱ ተነስታችሁ ሞል ስጡን ነው ሚሉት። ግራሙን ለሞላር ማሱ ማካፈል ነው፣ ሞሉ ከተሰጠ ደግሞ በሞላር ማሱ ማባዛት። 9 ግራም ውሃ ለ18 ግማሽ ሞል ነው። የአጎቴ 50 ኪሎ ዩሪያ መጀመሪያ ወደ ግራም 50,000፣ ለ60.056፣ 832.6 ሞል ገደማ። ኪሎውን ወደ ግራም ሳትቀይሩ ካካፈላችሁ 0.83 ይመጣባችኋል፣ አንድ ሙሉ ጆንያ አንድ ሞል አይሞላም ማለት ነው፣ ይሄ አእምሮ ካልከነከነ ችግር አለ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር ብቻ፦ ኦክስጅን ጋዝ ሲሉ ኦ ሳይሆን ኦ2 ነው፣ 32። ናይትሮጅን ጋዝም ኤን2 ነው፣ 28። ሃይድሮጅንና ክሎሪንም ጥንድ ናቸው። ፎርሙላ ውስጥ ሲቆጠሩ ግን ተራ አቶም ናቸው፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦ 32 እንዳትሉት።

እሁድ ጠዋት ቡና እየተፈላ እህቴ ብቻዋን ልስራ ብላ የስኳርን ሰጠኋት፣ ሲ12-ኤች22-ኦ11። ቁጠራውን ለብቻ ጻፈች፣ 45 አቶም አለች፣ አባዛች፣ ደመረች፣ ከዛ ፊቷ ጨለመና ሰረዘችው። እንደገና ሰራች፣ እንደገና ሰረዘች።

"ምነው?" አልኳት።

"የትላንቱ ነው ተመልሶ ሚመጣብኝ፣ 342።"

144 + 22 + 176። ልክ ነሽ አልኳት፣ ሁለቱም 342 ናቸው፣ በነጥቡ ከሄድሽ ስኳሩ 342.297 ነው፣ ያኛው 342.132። የሰረዘችውን መልሳ ጻፈችው።